ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ቱቦውን፣ የሚቋጥረውን ፈሳሽና ሕመሙን ቤት ውስጥ መያዝ

በካንሰር ምክንያት ጡት ሲወጣ ከቆዳው ሥር ክፍተት ይቀራል። በቀዶ ሕክምናው የተቆረጡት ጥቃቅን የሊምፍ ቧንቧዎችና የደም ሥሮች ወዲያው ስለማይደፈኑ የሚያዡት ፈሳሽ እዚያ ክፍተት ውስጥ ይጠራቀማል። የብብት ዕጢዎች አብረው ከወጡ መጠኑ ይጨምራል። ሐኪሞች ይህን የተጠራቀመ ፈሳሽ ሴሮማ ይሉታል። መግል አይደለም፤ ካንሰሩ ተመለሰ ማለትም አይደለም። ቆዳው ከሥሩ ካለው ጡንቻ ጋር እስኪጣበቅ ይቆያል፣ ከዚያ ይደርቃል። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሚያመጣው ፈሳሹ ራሱ ሳይሆን እሱን አይቶ ደንግጦ ማሸት፣ መጭመቅ፣ በመርፌ ወይም በምላጭ መብጣት ነው።

የሚከተለው ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ ሆስፒታል ወጥተው ወደ ሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ለሚመለሱ ታካሚዎችና ለአስታማሚዎቻቸው የተጻፈ ነው። የቀዶ ሐኪምዎ የነገረዎት ከዚህ የሚለይ ከሆነ የሐኪሙን ይያዙ፤ ውስጡን ያየው እሱ ነው።

ሆስፒታሉን ሳይለቁ

ፈሳሹን ከቆዳው ሥር ወደ ውጭ የሚያወጣው ቱቦ (ባለሙያዎቹ ድሬን ይሉታል) ገና ሳይወጣ ወደ ቤት መላክ የተለመደ ነው። ስለዚህ ነርሷ ስትሠራ ቆሞ ማየት አይበቃም። አስታማሚው በነርሷ ፊት አንድ ጊዜ በገዛ እጁ አፍስሶ፣ ለክቶ፣ መልሶ ይዝጋ። ቱቦው መቼና የት እንደሚወጣ፣ በአካባቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሊያወጣው ይችል እንደሆነ፣ ሌሊት ችግር ቢመጣ ወደየት ስልክ እንደሚደወል፣ የፓቶሎጂ (የወጣው ሥጋ ምርመራ) ውጤት መቼ እንደሚወሰድ ጠይቁና መልሱን በወረቀት አጽፉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ ለቀጠሮው ሪፈር ያስፈልግ እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ፤ ወረቀት ጎድሎ ሩቅ መንገድ መመለስ ከቁስሉ በላይ ያማል።

ከፋርማሲ መርፌ የሌለው የ50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ (ካልተገኘ የ20)፣ የታሸገ ጎዝ፣ ፕላስተርና ጓንት ይያዙ። የቡና ሲኒ መለኪያ አይሆንም፤ ሲኒ ሁሉ እኩል አይይዝም። በቱቦው ጫፍ ፈሳሹን በሚያጠራቅመው የፕላስቲክ ኳስ ላይ የተሠመረው ቁጥርም ግምት እንጂ ልክ አይደለም።

መንገዱም ዝግጅት ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ ሲታጠፍ ደግሞ መንገጫገጩ ይብሳል። ከመነሳትዎ 1 ሰዓት ያህል በፊት ማስታገሻውን ይዋጡ፣ ኳሱን ባዶ ያድርጉ፣ ከፊት ይቀመጡ፤ የሚኒባስ የኋላ ወንበር ይዘላል። በደረትዎና በቀበቶው መካከል ትንሽ ትራስ ወይም የታጠፈ ነጠላ ይግባ፣ ቱቦው ከቀበቶው ሥር አይዋል።

ቱቦውን መያዝ

የቱቦው ማጠራቀሚያ እንደ ሆስፒታሉ ይለያያል። በብዛት የሚታየው በእጅ መዳፍ የሚጨበጥ ለስላሳ የፕላስቲክ ኳስ ነው፤ ተጨምቆ ሲዘጋ ተመልሶ ሊነፋ ይታገላል፣ በዚህ ትግሉ ነው ፈሳሹን የሚስበው። እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈውም ሥራው ያው ነው። መሳብ የሌለው ከረጢት ከሆነ ፈሳሹ የሚወርደው በክብደቱ ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ ከደረት በታች ይዋል። አየሩ ቀድሞ የተመጠጠ ጠንካራ ጠርሙስ ከተሰጠዎት ቤት ውስጥ አይክፈቱት፤ የሚቀየረው ጤና ተቋም ነው።

ኳሱን በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ያፍስሱ፤ ከዚያ በፊት ግማሽ ከደረሰም አይጠብቁ፣ እየሞላ ሲሄድ የመሳብ ጉልበቱ ይደክማል።

1. እጅዎን በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ ይታጠቡ። ጓንት መታጠብን አይተካም።

2. ቱቦው ውስጥ እንደ ክር የረጋ ደም ካለ መጀመሪያ ወደ ታች ይንዱት። በአንድ እጅ ቱቦውን ከቆዳው አጠገብ አጥብቀው ይያዙ፤ ይህ እጅ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ከተነቃነቀ የሚጎተተው ስፌቱ ነው። በሌላው እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቱቦውን ቆንጥጠው እስከ ኳሱ ድረስ ያንሸራትቱ። አልኮል የነካው ጎዝ ቢይዙበት ጣት በቀላሉ ይንሸራተታል።

3. ክዳኑን ከፍተው ፈሳሹን ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ይገልብጡ። የክዳኑን ውስጥና የኳሱን አፍ አይንኩ።

4. ክዳኑ ክፍት እንዳለ ኳሱን ጭምቅ ያድርጉ፣ እንደጨመቁ ሳይለቁ ይዝጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዘግቶ መጭመቅ ፈሳሹን ወደ ደረት ሊመልሰው ይችላል፣ ሳይጨምቁ መዝጋት ደግሞ ኳሱን ተራ ጠርሙስ ያደርገዋል።

5. በሲሪንጁ እየሳቡ ይለኩ፣ ይጻፉ፣ ፈሳሹን ሽንት ቤት ይድፉ፣ እንደገና ይታጠቡ።

ደብተሩ ቀላል ይሁን። ቱቦው ሁለት ከሆነ ለእያንዳንዱ የራሱ ገጽ። «ረቡዕ፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 40 ሚሊ ሊትር፣ ቀን 8 ሰዓት ላይ 25፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ 20፤ ድምር 85፤ መልኩ ሮዝ» ከተባለ ሐኪሙ ሌላ አይጠይቅም። ድምሩን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይዝጉ፤ አንድ ቀን ጠዋት ሌላ ቀን ማታ የሚደመር ደብተር ያሳስታል።

ቱቦው ብዙ ጊዜ የሚወጣው የ24 ሰዓቱ ድምር 2 ቀን በተከታታይ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ነው። ይህ በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይወስዳል። 28 ከዚያ 24 ካነበቡ ይደውሉ። 28፣ 45፣ 26 ከሆነ ግን ገና ነው፤ እንደ አዲስ ሁለት ቀን ይቆጠራል። እንዲህ ሲሆን በ45ቱ ቀን ምን እንደተሠራ ይጠይቁ። ብዙውን ጊዜ መልሱ ሊጥ ተቦክቷል፣ ወይም እጅ ከትከሻ በላይ ተነስቶ ከመደርደሪያ ዕቃ ወርዷል የሚል ነው። ቱቦው ሰለቸኝ ብሎ ቀድሞ ማስወጣት ፈሳሹን አያስቀረውም፣ መውጫውን ብቻ ይዘጋበታል።

መልኩ በመጀመሪያው 1 ወይም 2 ቀን ደም ይመስላል፣ ቀጥሎ ሮዝ ይሆናል፣ በመጨረሻ እንደ ገለባ ቢጫ። ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ማለትም ቢጫ የነበረው ደማቅ ቀይ ከሆነ፣ ወይም ከደፈረሰና ከሸተተ ለሐኪም ይነገራል።

ኳሱ ተጨምቆ ተዘግቶ ወዲያው ከተነፋ አየር እየገባ ነው። ክዳኑን፣ መገጣጠሚያውን፣ በመጨረሻም ቱቦው ቆዳው ውስጥ የሚገባበትን ይዩ፤ በቱቦው ጫፍ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች አንዱ ውጭ ከታየ ቱቦው ተንሸራቷል ማለት ነው። ትናንት 60 የነበረው ዛሬ በድንገት 5 ከሆነና ደረቱ ካበጠ፣ ወይም ፈሳሹ በቱቦው ዙሪያ ጎዙን ካረጠበ፣ የደረቀ ሳይሆን የተዘጋ ነው። ቱቦውን ከላይ እንደተባለው ይንዱት፤ ካልተከፈተ ጤና ተቋም ይሂዱ። ውኃ ወይም አየር በሲሪንጅ ወደ ውስጥ መግፋት ፈጽሞ አይሞከርም። ቱቦው ጨርሶ ከወጣ መልሰው አይክተቱት፤ ቀዳዳውን በንጹሕ ጎዝ ይዘው ይደውሉ።

ኳሱን አንጠልጥሎ መተው ስፌቱን ሌት ተቀን ያስጎትተዋል። ኳሱ ላይ ባለው ማንጠልጠያ ጆሮ በኩል በመርፌ ቁልፍ ከውስጥ ልብስ ጋር ያያይዙት (ቱቦውን ራሱን እንዳይወጉ)፣ ወይም ከአሮጌ ነጠላ ትንሽ ከረጢት ሰፍተው መቀነት ላይ ይሰሩ። መቀነቱ ራሱ ግን ቱቦውን አይርገጥ። ከፊት የሚከፈት ሸሚዝ ለ2 ሳምንት ከማንኛውም ቀሚስ ይሻላል።

ቱቦው እስኪወጣ ገላ በከፊል ነው የሚታጠበው፤ ለብ ባለ ውኃና በጨርቅ፣ ደረቱና ጎዙ ሳይነካ። ከጣርማበር በታች፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው ቆላ ላብ ስለሚበዛ ጎዙ እንደራሰ ይቀየር። ጠበል የሚሄዱ ሸንኮራ ዮሐንስም ይሁን በደብራቸው ያለው፣ ቱቦው ወጥቶ ቀዳዳው እስኪዘጋ ቁስሉ ላይ ውኃ እንዳይወርድ ይጠንቀቁ፤ የነፍስ አባትዎም ይህን አይከለክሉም። ቁስሉ ላይ ቅቤ፣ ፌጦ፣ ማር፣ አመድ አይቀባም፤ እብጠቱ ላይ ዋግምት አይደረግም።

ሕመሙን መለየት

ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም፣ መድኃኒቱም አንድ አይደለም። የተቆረጠው ቦታ ሕመም በመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ቀናት ይጠነክራል፣ ከዚያ በየቀኑ ይቀንሳል። ቱቦው የሚገባበት ቦታ የሚወጋዎት ከሆነ መጀመሪያ ፕላስተሩንና የኳሱን ክብደት ያስተካክሉ፤ ኪኒን የማያስታግሰውን መርፌ ቁልፍ ያስታግሰዋል።

ለቁስሉ ሕመም መሠረቱ ፓራሲታሞል ነው። 50 ኪሎና ከዚያ በላይ የምትመዝን፣ ጉበቷ ጤነኛ የሆነ ሴት ባለ 500 ሚሊ ግራሙን 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ መውሰድ ትችላለች፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይበልጥም። ከ50 ኪሎ በታች ከሆኑ ልኩን ሐኪሙ ይቀንሰው። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ይህ ለማስታወስ ይቀላል፤ 12፣ 6፣ 12፣ 6። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ሕመሙ እስኪመጣ ሳይጠብቁ በሰዓቱ ይዋጡ፤ አንዴ የተነሳን ሕመም መልሶ ማስተኛት እንዳይነሳ ከማድረግ ይከብዳል። የጉንፋን ኪኒኖች ብዙዎቹ ፓራሲታሞል አለባቸው፣ ሳይታወቅ እጥፍ እንዳይሆን ይጠይቁ።

ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ምግብ ከተበላ በኋላ በቀን እስከ 3 ጊዜ ሐኪሙ ሊጨምርልዎት ይችላል። ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ አስም ወይም ደም የማቅጠን መድኃኒት ካለ ግን አስቀድመው ይንገሩ። ዳይክሎፌናክ የኢቡፕሮፌን ዘመድ ነው፤ ሁለቱ አብረው አይወሰዱም። ባዶ ሆድ ላይ መዋጥ ጨጓራን ይጎዳል፤ በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ይህን ለሐኪሙም ለነፍስ አባትዎም ይንገሩ።

ትራማዶል ለጠነከረ ሕመም የሚታዘዝ ነው። ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል። የሚጥል በሽታ ካለብዎት ወይም የድብርት መድኃኒት ከወሰዱ ቀድመው ይናገሩ። ከአረቄም ከጠላም ጋር አይገናኝም። ሆድ ድርቀቱን ሳይመጣ መከላከል ነው የሚሻለው፤ ጠዋት በብዙ ውኃ የተበጠበጠ ተልባ፣ የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ፣ በቤት ውስጥ መንሸራሸር። ማማጥ ደረቱን ያስጨንቃል።

ሌላው የነርቭ ሕመም ነው። በብብት ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ነርቭ በቀዶ ሕክምናው ስለሚነካ የክንዱ ውስጠኛ ክፍል ይደነዝዛል፣ ያቃጥላል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ልብስ ሲነካው ይሰቀጥጣል። አንዳንዶች የወጣው ጡት ራሱ ሲያሳክካቸውም ይሰማቸዋል፤ እውነተኛ ስሜት ነው፣ የአእምሮ መታወክ አይደለም። ይህ ዓይነቱ ለፓራሲታሞል ብዙ አይሰማም። ቦታውን በለስላሳ ጥጥ፣ ከዚያ በነጠላ፣ ከዚያ ሻከር ባለ ጨርቅ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ መዳበስ ነርቩን ያለማምደዋል (ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ ከስፌቱ ራቅ አድርጎ)። እንቅልፍ የሚከለክል ከሆነ ሐኪሙ ማታ የሚወሰድ አነስተኛ አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ሊያዝ ይችላል፤ በአንድ ቀን አይሠራም፣ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይታገሡት። ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም በቀጠሮ ላይ በስሙ ይነሳ።

መደንዘዙ ራሱ አደጋ አለው፣ በደጋው በተለይ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አንኮበርና መንዝም ማታ ይቀዘቅዛሉ፣ ሰውም ወደ ምድጃው ይጠጋል። የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን አይናገርም። በሞቀ ውኃ የተሞላ ላስቲክ ደረት ላይ አይደረግ፣ በተሠራው ጎን በኩል ወደ ከሰሉ አይጠጉ። ቀዝቃዛ ጨርቅም ቢሆን ከ10 ደቂቃ አይለፍ።

ሲተኙ ጀርባና ራስ ከፍ ይበል፣ ክንዱ በትራስ ይደገፍ። ባና ሞቃት ነው ግን ይከብዳል፤ ደረቱ ላይ ጋቢ፣ እግር ላይ ባና። ሲነሱ ወዳልተሠራው ጎን ተገልብጠው በዚያኛው ክርን ተደግፈው ይነሱ። ሳል ሲመጣ ትራስ ደረት ላይ አቅፈው ይሳሉ።

ቱቦው ከወጣ በኋላ የሚመጣ እብጠት

ሴሮማ በአብዛኛው የሚታየው ቱቦው ከወጣ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። ከስፌቱ ሥር ወይም ከብብት በታች ያብጣል፣ ሲራመዱ ቅል ውስጥ እንዳለ ውኃ ይንቦጫቦጫል። በአንድ ጣት አንዱን ጠርዝ ቀስ ብለው ሲጫኑ በሌላው ጠርዝ ያለው ጣት ከተገፋ ፈሳሽ ነው። ትንሽ ከሆነና ካላስጨነቀ አይነካም፤ በሳምንታት ውስጥ ሰውነት ራሱ ይመጠዋል።

ቆዳው ከተወጠረ፣ ካመመ፣ ክንድ ማንሳት ከከለከለ ወይም ስፌቱን መክፈት ከጀመረ ሐኪሙ በመርፌ ይስበዋል። ቦታው ብዙ ጊዜ ስለሚደነዝዝ ከሚፈራው ያነሰ ነው የሚያመው። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ቢሞላ የሐኪሙ ጥፋት አይደለም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መሳብ ያጋጥማል፣ በየጊዜው መጠኑ እየቀነሰ መሄዱ ነው የሚታየው። ስለዚህ የተሳበውን ሚሊ ሊትርም በዚያው ደብተር ይጻፉ። በእያንዳንዱ ውግ ጀርም የሚገባበት በር ስለሚከፈት ትንሹን ሁሉ ማስወጋት አይመከርም፤ ከሆስፒታልና ከጤና ጣቢያ ውጭ ደግሞ በፍጹም።

ጡቱ ሳይወጣ እባጩ ብቻ የተወሰደላቸው ሴቶች ፈሳሹ ክፍተቱን ሞልቶ የጡቱን ቅርጽ ስለሚደግፍ ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ይተዋል። ሽቦ የሌለው ለስላሳ ጡት መያዣ ቀንም ማታም ይረዳቸዋል። ደረትን በነጠላ አጥብቆ መጠምጠም ግን ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ ፈሳሽ ለማቆሙ አስተማማኝ አይደለም።

እብጠቱን ከቀጠሮ አይደብቁት። ያልደረቀ ትልቅ ሴሮማ ወይም ኢንፌክሽን ኬሞቴራፒንና ጨረርን ሊያዘገይ ይችላል፤ ቀድሞ ከታየ ግን መላ አለው።

ሳይውሉ ሳያድሩ የሚኬድባቸው

ኳሱ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ በደማቅ ደም ሲሞላ፣ ወይም ደረቱ በድንገት አብጦ ሲጠነክርና ሲጠቁር ደም እየፈሰሰ ነው፤ ይህ በብዛት በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ይመጣል። 38 ዲግሪና በላይ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መግል፣ ሽታ የኢንፌክሽን ምልክት ናቸው። መጻሕፍቱ «መቅላት» ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። የእጅን ጀርባ አድርገው ከሌላው ጎን ጋር ያነጻጽሩ፤ ሙቀት፣ የቆዳ ማብረቅረቅ፣ መጥቆርና ሲነካ መቆጣት አብረው ከመጡ በቂ ነው። ጠርዙን በስክሪብቶ ያስምሩ፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከመስመሩ ካለፈ እየተስፋፋ ነው። የአንድ እግር ባት ማበጥ፣ ድንገተኛ የትንፋሽ እጥረት ወይም የደረት ውጋት ሲኖር ነገ አይባልም።

ክንዱና የቤቱ ሥራ

ክንድ አስሮ ማስቀመጥ ትከሻን ያደርቃል፣ አለቅጥ ማሠራት ፈሳሽ ይጨምራል። ከማግሥቱ ጀምሮ ጨርቅ ጠቅልለው መጨበጥና መልቀቅ፣ ክርን ማጠፍና መዘርጋት፣ ትከሻን ወደ ጆሮ ማንሳት፤ እያንዳንዱ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ቱቦው እስካለ ክርን ከትከሻ ከፍታ አይለፍ። ቱቦው ወጥቶ ሐኪሙ ሲፈቅድ ግድግዳ ፊት ቆመው በጣቶች ወደ ላይ ይውጡ፣ የደረሱበትን በከሰል ያስምሩ፤ በማግሥቱ ያንን መስመር መድረስ ወይም በጣት ስፋት ማለፍ ይበቃል። ከብብት ወደ ክርን የተወጠረ ጅማት የመሰለ ገመድ ካወጣ አይደንግጡ፣ አይበጥሱትም፤ በቀስታ በመዘርጋት በሳምንታት ይለቃል፣ ካልለቀቀ ፊዚዮቴራፒ ይጠይቁ።

ሥራው ላይ ግን ቤተሰቡ ይወስን እንጂ ለታካሚዋ አይተው፤ «ትንሽ ናት» ብላ ትነሳለች። ለ4 እስከ 6 ሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ አይነሳም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ሊጥ ማቡካት፣ ጠላ መጥመቅ፣ ድንጋይ ወፍጮ፣ እንጨት መሸከም፣ ልጅ ማዘል ይቆያሉ። እንጀራ መጋገር ቀላል ይመስላል፤ ማሰሻው፣ አክንባሎው፣ ሰፌዱ እጅን መቶ ጊዜ ከትከሻ ጋር ያስተያያል፣ እሳቱም ያችኑ የደነዘዘች ጎን ነው የሚያገኛት።

የብብት ዕጢዎች ከወጡ በዚያ በኩል ያለው ክንድ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ሊያብጥ ይችላል። ይህ ሴሮማ አይደለም፣ በመርፌም አይሳብም። አምባር ወይም ቀለበት መጥበቅ፣ እጅጌ መያዝ፣ የክንድ መክበድ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው። በወር አንድ ቀን ሁለቱንም ክንዶች ከክርን 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይና ወደ ታች በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ፤ ከሌላው በ2 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ወይም ልዩነቱ እያደገ ከሄደ ሐኪም ያሳዩ። መርፌና የደም ግፊት መለኪያ ሲመጣ የሚቻል ከሆነ ሌላውን ክንድ ይስጡ፤ አጥር ሲያጥሩ ወይም ጓሮ ሲኮተኩቱ ጓንት ያድርጉ፣ እሾህ ከወጋም ዕለቱን በሳሙና ይታጠቡት።